የሰብሳቢው ቀኝ ጆሮ

ጆሮው የከዳው ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር የለም፤ መክዳቱን ያመነ ሽማግሌ ግን እስካሁን አልተገኘም። በእሱ ቤት የደከመው ጆሮው ሳይሆን የሰው አንደበት ነው። «የዛሬ ሰው አፉን ከፍቶ መናገር ተወ!» ይልሃል፤ እንዲህ ሲል ድምፁ ከመካኒሳ አቦ ተነስቶ ላፍቶ ይደርሳል።

የመካኒሳ አቦው ክቡርነታቸው ጋሽ ደምሰው ይባላሉ። በ1974 ዓ.ም. ሰባ ዓመታቸው ነበር፤ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎም ሰብሳቢ ዳኛ ነበሩ። የማይሰማ ዳኛ! የቀበሌው ክሊኒክ ጤና ረዳት አስቴር ይህን ባሰበች ቁጥር ደሟ ይፈላ ነበር። «ከዚህስ ዕውር ሹፌር ይሻላል» ትላለች።

ጎረቤታቸው ናትና ንቀቷ በወሬ የመጣ አይደለም። ሬዲዮናቸው ሲከፈት በእሷ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መስታወት ይንቀጠቀጣል። «ደህና አደሩ» ላላቸውም፣ ለልማት ዘመቻ ለጠራቸውም መልሳቸው አንድ ነው፤ «አሜን፣ ተመስገን!» ብለው ያልፋሉ። አንድ እሑድ በቀበሌው ስብሰባ «የምትደግፉ?» ሲባል እጃቸውን አወጡ። «የምትቃወሙ?» ሲባልም አላወረዱትም። በዚያ ዘመን በእጅ አይቀለድም ነበር። እሳቸው ግራ ቀኙን አዩና በዚያው እጅ ቀስ ብለው ራሳቸውን አከኩ። አስቴር በሳቸው ፋንታ አፈረች።

ችሎት ላይማ ይብስባቸዋል። መዳፋቸውን ቀኝ ጆሯቸው ላይ ይደቅኑና «ጮክ በል! የምትደብቀው አለ?» እያሉ የባልና ሚስት ገመና ሳይቀር አደባባይ ያስወጣሉ።

የገዲሴ ጉዳይ የቀረበ ዕለት ግን ጉድ ፈላ። ገዲሴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በኃይሉ የምትኖርበትን ቤት ለሚስቱ ወንድም ፈልጎታል። የሸንጎው አባል ሳይሆን «ለመታዘብ» እያለ ከሰብሳቢው በስተቀኝ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። በዚያ ቀን ጠጋ ብሎ በጆሯቸው አንድ ነገር ሹክ አላቸው።

«ምን አልከኝ?» አሉ ጋሽ ደምሰው።

ደግሞ ሹክ አለ።

«ጮክ በል እንጂ! ለችሎቱ የምትለው ካለህ ተነስና ሕዝቡም ይስማህ!»

ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ጉንፋን ያዘው፤ ሁሉም ይስላል። ጉዳዩ ለሐሙስ ተቀጠረ። «ዓይናቸው እያየ ግፍ ሲሠራ እንኳ አይገባቸውም» አለች አስቴር በንዴት።

በማግሥቱ ጓድ በኃይሉ ክሊኒክ ድረስ መጣ። «የአረጋውያን የጆሮ ምርመራ እንዲደረግ ተወስኗል። ከሸንጎው ሰብሳቢ ጀምሪ። አለመስማታቸውን አገር ያውቃል፤ አንቺ ወረቀት ላይ አስፍሪው ብቻ» አላት። የሊቀመንበሩ ትእዛዝና የአስቴር ኅሊና ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ጋሽ ደምሰው ከተነሱ ሰብሳቢነቱ ለምክትላቸው እንደሚሆን፣ ምክትላቸው ደግሞ የሊቀመንበሩን ሹክሹክታ ገና ከአፉ ሳይወጣ የሚሰማ ሰው መሆኑን ያሰበችው ኋላ ነው።

ረቡዕ ጋሽ ደምሰው «እኔ እሰማለሁ፤ የሚያጉረመርመው ሰው ነው!» እያሉ ገቡ። ጀርባቸውን ሰጥተዋት እንዲቀመጡ አደረገች። ግራ ጆሯቸውን በጣታቸው አስደፍና ከኋላቸው «ሎሚ» ብላ ሹክ አለች። ዝም። «ሰባት» አለች። ዝም። ሰዓቷን ፈትታ ቀኝ ጆሯቸው ላይ ለጠፈችው። ዝም! ደስ እያላት ጻፈች።

የደንቡን ለማድረስ ያህል ቀኙን አስደፈነች። ለዚህኛው ጆሮ ቃል እንኳ አልመረጠችም፤ በልቧ የነበረው አምልጧት «ገዲሴ» አለች፣ በትንፋሽ።

«ገዲሴ» አሉ።

እስከ በሩ አፈገፈገች። «ቤቷ» አለች፣ ለራሷ እንኳ በቅጡ ሳይሰማት።

«ቤቷ። የነገ ቀጠሮ ነው» አሉ ጋሽ ደምሰው።

«ጋሼ! ይህን የመሰለ ግራ ጆሮ እያለልዎት ለሰው ሁሉ ቀኙን የሚሰጡት ለምንድን ነው?»

ዞረው በሩን አዩ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ማድረግ እንደሚችሉ ጎረቤታቸው ሆና ሳለ እንኳ አታውቅም ነበር። «ልጄ፣ ሊቀመንበሩ የሚቀመጠው በቀኜ ነው።»

«ሬዲዮውስ?»

«እሱማ፣ ጎረቤቴ ጤና ረዳት ናት፤ የሷ ጆሮ ደህና ነው። እሷ አይሰሙም ካለች ማን ይጠራጠራል?»

አስቴር በሳቅና በንዴት መካከል ቀረች። ስንት ዓመት ሙሉ የናቀቻቸው ሰውዬ ስንት ዓመት ሙሉ ሲስቁባት ኖረዋል! ያ እሑድ፣ ያ ያልወረደ እጅ ትዝ አላት፤ ለካ ያም አውቀው ኖሯል። ግን ወረቀቱ ፊቷ ነው። «አይሰሙም» ብትል ገዲሴ ሜዳ ላይ ልትወድቅ ነው። «ግራው ይሰማል» ብትል ጓድ በኃይሉ ወንበሩን ወደ ግራ ይስባል። ብዙ አሰበችና የጻፈችውን ቀድዳ ጥላ፣ በአዲስ ወረቀት እንዲህ አሰፈረች፦ «ጋሽ ደምሰው የሚሰሙት ጮክ ተብሎ ሲነገራቸው ነው። ለሥራው ብቁ ናቸው። በችሎት የሚነገራቸው ሁሉ አዳራሹ እንዲሰማው ሆኖ ይነገራቸው።» ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታችበት።

ሐሙስ ጓድ በኃይሉ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ በስተቀኝ ተቀመጠ። ፍርዱ ሊነበብ ሲል ጠጋ አለ፤ ሕዝቡን አየና ሳይናገር ተመለሰ።

ጋሽ ደምሰው መዳፋቸውን ደቀኑ። «ምን አልክ? ጮክ በል!»

«ምንም አላልኩም!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሙሉ ሰማው።

«ችሎቱ ሰምቷል» አሉ ክቡርነታቸው፤ ቤቱንም ለገዲሴ አጸኑላት።