ዛፍ ስለማዳን የተጻፈው ጥናት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ተመራማሪ ሲባል ምን ዓይነት ሰው ይታያችኋል? እኔ ሞጣ አብሮኝ የሚያስተምር አንድ አውቃለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል። የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ከጭፍጨፋ ስለማዳን ጥናት ጽፎ ውጭ አገር ላለ መጽሔት ላከ። የመጽሔቱ ገምጋሚዎች «ይህን አርም» ባሉት ቁጥር ጥናቱን ከዳር እስከ ዳር እንደገና ያትመዋል፤ በስክሪን ካነበበ ስሕተት አይታየውማ! ከዚያ ኢንተርኔት ፍለጋ በሚኒባስ ባሕር ዳር ይሄዳል። ስድስት ጊዜ! እንዲህ ያለ ጽናት የት ይገኛል? የወረቀቱ ክምር የቢሯችንን መስኮት ጋረደው።

ባለፈው ደብረ ወርቅ አንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ወሰድኩትና ይህንኑ ጉድ ነገርኳቸው። ተማሪዎቻቸው ዛፍ ሥር ተራ በተራ ቅኔያቸውን በቃል ያቀርባሉ፤ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና እዚያው ያርማሉ። አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለችም። ባልደረባዬ ፈዞ ቀረ።

«የኔታ፣ ይህንማ ዓለም ሊያውቀው ይገባል!» አለ።

«እንዴት አድርጎ ያውቀዋል ልጄ?»

«ጥናት እጽፍበታለኋ!»

የኔታ ቀና ብለው ያስጠለላቸውን ዛፍ አዩ።

«ጻፍ» አሉት፤ «ይችን ብቻ ለጥላ ተውልን።»