ወንድይራድ የላይኛውን ክፍል መንፈስ ድል እንደ ነሣ

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ኃያለ መጥረጊያ ወመኰንነ ባልዲ ወንድይራድ ኦስሎ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ጤናዬን በልቡ ይዞ ትንፍሽ ሳይል በኖረ በሁለተኛው፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት እንዲህ ሆነ።

ከኦስሎ ዳር ካለው ሰፈር ከፕሪንስዳል በላይ፣ ከጫካው ዳር፣ አንድ አሮጌ የባላባት ቤት ነበረ፤ በላይኛው ክፍሉም ከመቶ ዓመት በፊት የሞተች እመቤት፣ ሳይመጣ የቀረባትን ወዳጇን እየጠበቀች መስኮት ትደበድባለች ይባል ነበርና፣ ቤቱን ከሚያጸዱት ከእነ ወንድይራድ ያን ደረጃ የሚወጣ ጠፋ። ተራው የደረሳት ጤናዬም አዋጅ አስነገረች፦ «ስሙኝማ! እኔ ከሙት ጋር አልሠራም። ዛሬ ያ ኳኳታ ካልቆመ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሃውገንስቱዋ ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ገብቼ ልጅ እጠብቃለሁ። አለቀ!»

ሃውገንስቱዋ የከተማው ሌላ ጫፍ ነውና፣ ወንድይራድ ከሙቷ ይልቅ ይህ አስፈርቶት ተነሣ። ሠራዊቱም ይህ ነበረ፦ የሁሉ አለቃ እማማ ወለተማርያም፣ ጸሎት የታጠቁ፤ መስታወት ወልዋዩ ተክሉ፣ ከበር ወዲህ ሆኖ የሚያበረታታ፤ አንድ ቫኪዩም፣ ገመዱ ደረጃው እኩሌታ ላይ የሚያልቅ። እማማም ጠበል በባዶ የመርጫ ጠርሙስ ሞልተው፣ ጫማውን እስኪያስር ከደረጃው ሥር ከተክሉ ጠርሙስ ጎን አኑረውለት አወጁ፦ «ሂድ የኔ አንበሳ! ፊቷን እንዳታይ፣ ዝም ብለህ እርጭ!»

እርሱም ጠርሙሱን አንሥቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ በዳበሳ ወጥቶ፣ ኳኳታው ወዳለበት ዘልቆ፣ «በስመ አብ!» ብሎ ረጨ፤ ክፍሉም ሎሚ ሎሚ ሸተተ፤ ያነሣው የተክሉን የመስታወት ማጽጃ ነበርና። ተክሉ በበኩሉ የታችኛውን መስኮት ሁሉ በጠበል ወልውሎ ጨረሰ።

ዐይኑን ሲገልጥ እመቤት የለችም፤ አንድ የላላ መስኮት ነፋስ ያማታዋል፤ ከሥሩም ጥንት ሽብልቅ የነበረ እጥፍ ወረቀት ወድቋል። መስኮቱን በጨርቅ ሸብልቆ፣ ጸጥ አሰኝቶ፣ ወረቀቱን እንደ ምርኮ ይዞ ወረደ። ጤናዬም፣ የአገሩ ጽሕፈት ከሁሉ የሠመረላት፣ ገልጣ አነበበችው፦ «ሁለት ክረምት አይተኸኝ ዝም አልክ። እሁድ እጠብቅሃለሁ።»

ለካስ እመቤቲቱ ደብዳቤውን ጽፋ፣ ለመላክ ፈርታ፣ መስኮቷን ሸብልቃበት ኖሯል፤ ሰውየውማ መቼ ሰማና ይመጣል!

ጤናዬ ወረቀቱን አየች፤ ወንድይራድን አየች፤ ሦስተኛውንም አዋጅ ሁሉ እየሰማ አስነገረች፦ «እኔ እንደሷ መስኮት አልሸብልቅም። አንተ ልጅ፣ ከነገ ወዲያ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቶየን ባቡር ጣቢያ እጠብቅሃለሁ። ብትቀር ውርድ ከራሴ!»

እነሆ፣ መንፈስን በሎሚ ያሳደደ፣ መቶ ዓመት የጮኸውን መስኮት በቡትቶ ዝም ያሰኘ፣ በዚያች እሁድ ከቅዳሴው መውጫ አንድ ሰዓት አስቀድሞ በበረዶ የቆመ፣ እርሷም ስትመጣ ሁለት ዓመት የሸበለቀውን አፉን ከፍቶ «መጣሽ?» ያለ ወንድይራድ ስሙ ከፍ ይበል፤ ከዚያ ቃል የሚበልጥ ገድል በዘመኑ አልተሰማምና።