ክቡር ሊገዙ-ነው

ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ አንድ «ሊገዛ ነው» የሚባል ሰው አያጣም። ወንበር ቤት ከሆነ ይቀመጥበታል፣ ጫማ ቤት ከሆነ ይለካል፣ መኪና ቤት ከሆነ በሩን ከፍቶ ይዘጋል። ዋጋ አይከራከርም፤ ዋጋ የሚከራከር ሰው አንድ ቀን ሊገዛ ይችላል። እሱ ግን ዘላለም ሊገዛ ነው።

ትንንሽ የከተማ ሞተሮች የሚሸጡበት ሱቅም የራሱ ነበረው። ሻጯ ሥራ በጀመረችበት ቀን መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከጓሮ ብቅ አለና አስጠነቀቃት።

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነጭ ጋዋን የለበሱ አንድ ጋሼ ይመጣሉ። በከንቱ እንዳትደክሚ፣ አይገዙም።»

«ታዲያ ለምን ይመጣሉ?»

«ሊገዙ ነዋ።»

እውነትም በሰዓቱ መጡ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የፀጉር ቤት ባለቤት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሃምሳን ተሻግሯል፣ ጋዋናቸው ትከሻ ላይ የደንበኛ ፀጉር ተበትኗል። ሁሉንም በየተራ ሰላም ብለው ቀጥታ ወደ ጥጉ፣ ከሁሉ ወደምታንሰው መቶ አስር ሲሲ ሞተር ሄዱና ወጡባት። ስፖኪዮውን አስተካከሉ። ከኋላ የሚመጣ አለመኖሩን አረጋገጡ፤ ከኋላቸው የነበረው ግድግዳ ነው። የምሳ ሰዓታቸውን እዚያው ጨርሰው ወረዱና፣ የነዳጅ ጋኗን መታ መታ አድርገው «ይቺ ሰው ናት» ብለው ሄዱ። ሻጯ የማታውቃቸውን ሰዎች ፀጉር ከመቀመጫው ላይ ጠረገች።

በማግስቱም መጡ። በማግስቱም። ክረምት ሲሆን «አስፋልቱ ይድረቅ» ይላሉ። ሲደርቅ አቧራው አለ። ጥቁር ሞተር ሲቀርብላቸው ቀይ ይሻላል፤ ቀይ ሲመጣ ቀይ ፀሐይ አይችልም። በዚህ ምክንያት መካኒኩ «ክቡር ሊገዙ-ነው» የሚል ማዕረግ ሰጣቸው። ባለሱቁ ግን ማዕረግ ለመስጠት ትዕግሥት አልነበረውም። «ሙዚየም ነው እንዴ የከፈትኩት?» እያለ ያጉረመርም ነበር።

አፉን ያስዘጋው አንድ ወጣት የባንክ ሠራተኛ ነው። ሞተር ነድቶ የማያውቅ ልጅ፣ ደረቱን ነፍቶ ትልቋን ካልገዛሁ አለ። ጋሼ ከጥጋቸው ሆነው፣

«ወንድሜ፣ እስኪ መጀመሪያ ግፋት» አሉት።

ገፋት። ሊያዞራት ሲል ስታዘነብልበት መካኒኩና ባለሱቁ ተሯሩጠው ደገፉለት።

«ቆመህ ያልቻልካትን ተቀምጠህ አትችላትም» አሉት ጋሼ ለስለስ ብለው። «ለጀማሪ ሁለት እግር መሬት የምታስረግጥ ትበቃለች። ይቺ ዘጠና ስምንት ኪሎ ናት፣ ነዳጅ ሳይጨምር። በጠባብ መንገድ እንደ ዓሣ ናት።»

ልጁ ትንሿን ይዞ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለሱቁ አላጉረመረመም፤ ጋሼ በሌሉበት ገዢ ሲያመነታ እንዲያውም ወደ ማዶ ያማትር ጀመር።

ሻጯ ግን ሌላ ነገር አየች። ገዢ ሞተሩን አስነስቶ በወጣ ቁጥር ጋሼ በሩ ድረስ ይሸኙታል። ከዓይን ከተሰወረ በኋላም ይቆማሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ጠጋ ብላ ሰማቻቸው። «ሁለተኛ አስገባ… አሁን ሦስተኛ… ጎሽ።» ድምፁ ጭልጥ ብሎ እስኪጠፋ ድረስ ማርሹን አብረው ይቀይራሉ።

አንድ ሰሞን ከትንሿ ዓይነት የቀረችው አንድ ብቻ ሆነች። በምሳ ሰዓት ጋሼ ተቀምጠውባት ሳለ አንዲት ነርስ ገባች። ሁለት ታክሲ እየቀያየረች ሥራ መሄድ ሰልችቷታል፤ ቁመቷ አጭር ነው። ባለሱቁ ያልተሸጠለትን ትልቅ ሞተር ያሳያት ጀመር። ጋሼ ትንሽ ታገሡ። ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱ፣ መቀመጫዋን በጋዋናቸው ጫፍ ወለወሉና፣

«እህቴ፣ ላንቺ የምትሆነው ይቺ ናት» አሏት።

ነርሷ በዚያው ነዳቻት። ጋሼ በሩ ላይ ቆሙ፤ በዚያን ቀን ግን ማርሽ አልቆጠሩም።

ሻጯ አላስቻላትም። «ጋሼ፣ ይህን ያህል እየወደዷት ለምን አይገዙም?»

«አስፋልቱ…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

«ሚዛን መጠበቅ አላውቅም ልጄ» አሉ። «ብስክሌት እንኳ ነድቼ አላውቅም። ቤታችን አንድ ብስክሌት ነበረች። ስድስቱን ታናናሾቼን ከኋላ ኮርቻውን ይዤ፣ እየሮጥኩ ያስተማርኩ እኔ ነኝ። የኔ ተራ ሲደርስ የሚይዝልኝ ሰው ጠፋ። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ደንበኞቼ ፊት ልውደቅ?»

እሑድ ሱቁ ዝግ ነው። መካኒኩ የራሱን አሮጌ ሞተር ጓሮ አወጣ፣ ሻጯ ከኋላ ያዘች። ክቡርነታቸው በመጀመሪያው እሑድ ሦስት ጊዜ ከመሬት ጋር ተዋወቁ። በሁለተኛው አንድ ጊዜ። በሦስተኛው እሷ ይዣለሁ እያለች መሮጧን ቀጠለች እንጂ እጇ ባዶ ነበር። ግንቡ ጋ ደርሰው ዞር ሲሉ ርቃ አዩዋት፤ ዓይናቸው ሞላ።

አዲስ ሞተር ሲገባ የመጀመሪያውን እሳቸው ገዙ። መካኒኩ ቁልፉን ሲያስረክብ፣ «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ሰርቪስ አምስት መቶ ኪሎሜትር ላይ ነው። እስከዚያ እዚህ የሚያስመጣዎት ነገር የለም» አላቸው።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ማንም አልመጣም።

ሞተሯ ማዶ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ቆማለች። ጋሼ በመስኮቱ ለሻጯ ማበጠሪያቸውን ለሰላምታ ያነሳሉ፤ ግን አይሻገሩም። ሊገዛ ይመጣ የነበረ ሰው ከገዛ በኋላ ምን ብሎ ይምጣ? ሻጯ ምሳዋን እየከፈተች መልሳ ትከድናለች። ሰው ስለ ክብደት ሲጠይቃት ወደ ጥጉ ዞር ትላለች። መቀመጫዎቹ ንጹሕ ናቸው፤ የሚጠረግ ነገር የለም፤ ይህ ደግሞ ያስከፋታል። መካኒኩም በጣቱ አሰላ። «ቤታቸው ሦስት ኪሎሜትር አይሞላም። አምስት መቶ እስኪደርሱ ሦስት ወር ነው።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተር እያጉረመረመ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ጋሼ ሄልሜታቸውን አወለቁ። ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሯል፣ ጋዋናቸው አቧራ ለብሷል።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ቆጣሪውን አነበበ። «አምስት መቶ ሁለት!»

«ጋሼ፣ የት ሄደው ነው?» አለች ሻጯ።

«የትም። ከሥራ ስወጣ ትንሽ ዞር ዞር እላለሁ።» ሄልሜቱን በእጃቸው አሽከረከሩት። «ሰርቪሱ ደርሷል አይደል? ብዙ ያስጠብቃል?»

ዘይት መቀየር ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። መካኒኩ ሻጯን አየት አደረጋት።

«ዛሬስ ወረፋ አለ ጋሼ፣ ይቆያል» አለች፤ ምሳዋን አምጥታ መሃላቸው እየከፈተች።

ጓሮው ውስጥ ከሳቸው ሞተር በቀር ምንም አልነበረም።