ጋሼ ዘጠኝና አሥረኛው ሰው

ማደግ የሚፈራ ባለ ድርጅት የሌለበት ሰፈር የለም። ትልቅ ትዕዛዝ መጣ ሲሉት በደስታ ፈንታ ግንባሩን ይይዛል። የእኛው ጋሼ ዘጠኝ ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው፣ የቤት ዕቃ መሥሪያቸው ሠራተኞች ነን። ዓለም ቢገለበጥ ቁጥራችን ከዘጠኝ አያልፍም።

ሰበቡ ሕጉ ነው። አሥር ሠራተኛ ያለው ድርጅት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይኑርህ፣ የደኅንነት ኮሚቴ አቋቁም፣ ተቆጣጣሪ አስተናግድ ይባላል። እስከ ዘጠኝ ግን ዞር ብሎ የሚያይህ የለም። ስለዚህ ክቡርነታቸው በየጠዋቱ በር ላይ ቆመው በጣታቸው ይቆጥሩናል። «አሥረኛ ሰው ሰው አይደለም፤ መሥሪያ ቤት ነው!» ይላሉ።

አንድ ጊዜ የሶፋ ትዕዛዝ እንደ ጉድ ጎረፈ። ሌላው ቢሆን ይጨፍር ነበር፤ ጋሼ ግን እንቅልፍ አጡ። በመጨረሻ አንዱን ድርጅት ሁለት አድርገው በየስሙ ዘጠኝ ዘጠኝ ለመቅጠር ቤቱን መሐል ለመሐል በግንብ ከፈሉት። ወዲህ የእንጨት ሥራ፣ የእሳቸው፤ ወዲያ ጨርቅ የምንወጥርበት፣ የሚስታቸው። እትዬ ማታ የቤት እመቤት ሆነው ተኝተው ጠዋት የድርጅት ባለቤት ሆነው ነቁ። እኔም ጨርቅ ወጣሪ ነኝና የእትዬ ሠራተኛ ሆንኩ።

ግንቡ ታዲያ በር የለውም። «ተቆጣጣሪው በር ካየ አንድ ድርጅት ናችሁ ይለናል» አሉ። ስለዚህ ወዲህ የተሠራው የሶፋ እንጨት በአስፋልቱ ዞሮ በወዲያኛው በር ይገባል፤ በዝናብም፣ በፀሐይም። መንገደኛው ሁሉ «እየለቀቃችሁ ነው?» ይለናል። አንዴማ ለማረፍ ብናስቀምጠው ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ተቀመጡበት።

እኔና ይህ አፌ! አንድ ቀን ዝናቡ እስካጥንቴ ሲገባ ሶፋውን ለቅቄ ንግግር አደረግኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ መቼም አያድጉም! እኔ ብሆን አምሳ ሰው እቀጥር ነበር!» ብዬ ሥራውን ጥዬ ሄድኩ። ያጨበጨበልኝ ግን የለም፤ የሁሉም እጅ ሶፋ ይዟል።

የራሴን ሱቅ ከፈትኩና ሦስት ሰው ቀጠርኩ። አንዱ ታሞ የሕመም ፈቃድ ሲወስድ ከእሱ ብሼ የታመምኩት እኔ ነኝ። የሁለተኛው ሠራተኛ ሚስት ወለደች። እንኳን ማርያም ማረቻት ከማለቴ በፊት «ለዚህም ፈቃድ አለ እንዴ?» አልኩ። ሳላስበው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ፤ ለሦስት ሰው! ሥራው ሲቀዘቅዝ አንድ በአንድ ተሰናበቱና ባለቤትም ሠራተኛም እኔው ሆኜ ቀረሁ። የዓመት ፈቃድ ልጠይቅ አስቤ ራሴን ከለከልኩ።

ሱቁ ተዘጋ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሊቀሩ ሆነ። ሚስቴ «ያንን አፍህን ይዘህ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ» አለችኝ።

ሄድኩ። አንገቴን ደፍቼ የምለውን ጋሼ ሰሙኝና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

«እኔ ጋ ዘጠኝ፣ እትዬ ጋ ዘጠኝ። በየትም ብትገባ አሥረኛ ነህ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«አሥረኛ ሰው ምንድን ነው?»

«መሥሪያ ቤት ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

ትልቁን መዶሻ አነሱ። በቃ፣ አለቀልኝ ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እሳቸው ግን አልፈውኝ ግንቡን አንዴ ደለቁት።

«ምን ትገተራለህ? ያዝ እንጂ! ልጆች ያሉት ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል እንዴ? አሥር ከሆንን ደግሞ ይህ ግንብ ምን ይሠራል?»

በዚያው ቀን መተላለፊያ ከፈትን። የጋሼ ቢሮ ልብስ መቀየሪያ ሆነ፤ የእሳቸው ካፖርት ዛሬ ከመጋዙ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ሰጋቱራ ይጠጣል። ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር በአገጫቸው ወደ እኔ ያመለክታሉ፤ «ያመጣዎት እሱ ነው፣ እሱን ያነጋግሩ!»

ሁለቱ ቤት ተቀላቅሎ አሥራ ዘጠኝ ብንሆንም አሁንም ጠዋት ጠዋት ይቆጥሩናል። ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ቆም ይሉና ዓይናቸውን ጨፍነው «መሥሪያ ቤቱ ገብቷል?» ይላሉ።

«ገብቻለሁ፣ ጋሼ!»

ከሁሉም ቀድሜ ነው የምደርሰው። ግን ይህችን ለመስማት ስል ዘጠኝ ሰው አሳልፌ አሥረኛ ሆኜ እሰለፋለሁ።