ጣቴን ያላወቀችው መስታወት

ጣቷ ያለቀ ሴት በምን ትታወቃለች? ይህን ጥያቄ ሦስት ቀን ሙሉ ይዤው ዞርኩ። የነፍስ አባቴንም ጠየቅሁ፣ ጎረቤቴን ከድጃንም ጠየቅሁ፤ መልስ ያለው አልተገኘም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ሐመልማል በፋርማሲ ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ የመድኃኒት መጋዘን ሥራ አገኘች። መጋዘን ነውና ዋስ አምጪ አሏት። ዋሷ እኔ ነኝ፤ የቤት ካርታ አለኝ። ታዲያ ዋስ የሚሆን ሰው አዲሱን መታወቂያ ማያያዝ አለበት፤ አዲሱ መታወቂያ ደግሞ ያለ ጣት አሻራ አይሰጥም። በመታወቂያ ቢሮው መስኮት አራት ያለው ልጅ ጣቴን አሻራ በምታነበው ትንሽ መስታወት ላይ አስጫነኝ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ዐሥር ጊዜ።

"እማማ፣ ጣትዎ አይነበብም" አለኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ክር ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር ስቀጥልበት የኖርኩት ጣት ነው፤ ምኑ ይነበብ! የዋስትናው ፎርም የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ሐሙስ ነበር። ያን ቀን ካልገባ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ሕልሙን ያየሁት እንግዲህ ለሐሙስ አጥቢያ ነው።

በሕልሜ የግቢዬን በር ስከፍት ቢሮው በሙሉ ደጄ ላይ ተሰልፎ አገኘሁት። ከረባት ያሰሩ ወንዶች፣ አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ ሴቶች፣ ሁሉም ክላሰር ታቅፈው ቆመዋል፤ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ፀሐይ መሬት ላይ ተቀምጣ ከታች ወደ ላይ ታበራ ነበር፤ የሰዎቹ ጥላ ሰማይ ላይ ወድቋል። እኔ ምንም አልገረመኝም።

በሩ ላይ የከድጃ ፍየል ቆማ ማስረጃ ትመረምራለች።

"ሦስት ኮፒ!" ትላለች።

"ባለፈው አንድ ይበቃል ብላችሁን ነበር እኮ" አላት አንዱ ባለ ከረባት።

"አንድማ ምኔን ያጠግበኛል?" አለችና ዋናውን ሳይቀር ቆረጣጥማ ዋጠችው። ለካስ ያን ሁሉ ዘመን ሦስት ኮፒ አምጡ የሚሉን ለዚህ ኖሯል!

ከሰልፉ ፊት መስኮት አራት ያለው ልጅ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

"እማማ፣ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው" አለኝ።

"ኔትወርክ የለኝም" አልኩት።

"መቼ ይመጣል?"

"እኔ በምን አውቃለሁ? የተቋረጠው ከላይ ነው።"

ይህን ስል እንዴት ደስ እንዳለኝ! እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግን ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላኝ፤ ቁርስም የቀመሰ አይመስልም። "ና ግባ፣ አረፍ በል። እዚህ ቤት ሰውን አቁሞ ማዋል በመመሪያ የተከለከለ ነው" አልኩት። መመሪያውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ገና አረፍ ሳይል ቤቱ ገበያ ሆነ። ሽንኩርቱ ሰው ይመርጣል። "ይቺ ጠንካራ ናት፣ ያኛዋ ውስጧ ተበላሽቷል" እያለ ያገላብጠናል። ባለ አምስት ሊትር ዘይት እግር አውጥቶ ከኋላዬ ይሮጣል።

"እማማ፣ ይግዙኝ!"

"ዋጋህ ስንት ነው?"

"እርስዎ ባስነጠሱ ቁጥር እቀንሳለሁ።"

አስነጠስኩ፤ ቀነሰ። ደገምኩ፤ ቀነሰ።

"ምነው፣ ይማርዎ አትልም እንዴ? አሳዳጊ የለህም?"

"ይማርዎ" አለና በድንጋጤ እንደገና ቀነሰ። "እማማ፣ ከዚህ በኋላ ካስነጠሱ እኔ ነኝ የምከፍልዎት።"

በዘይቱ ስስቅ፣ የመስኮት አራቱ ልጅ ያችን ትንሽ መስታወት በአንቀልባ አዝሎ መጣ።

"ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?" አልኩት።

"ማንነቷ አልተረጋገጠም። እስከ ሐሙስ ማረጋገጫ ካላመጣች ከሥራ ትባረራለች።"

ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት።

"ጣትሽን አምጪ።"

"ጣት የለኝም እማማ።"

"እንግዲያው አትነበቢም።"

"ሌላ መንገድ የለም?"

ሌላ መንገድማ አለ። እኔ የቢሮ ሰው አይደለሁም፤ መንገድ አላሳጣም። ክር አወጣሁና ፊቷ በጠስኩት። "በይ ቀጥይው" አልኳት። ሞከረች፤ ክሩ እየተንሸራተተ ወደቀባት።

በዚህ መሃል የፋብሪካው ጡሩምባ ከጓሮ ጮኸ። የእኔ ፈረቃ ሴቶች ገቡ፤ አርባዎቹም፣ በሕይወት ያሉትም የሞቱትም፣ የጥጥ ብናኙ ቅንድባቸው ላይ እንዳለ። የፈረቃችን አለቃ የነበረችው ወለተሐና የተበጠሰውን ክር አንስታ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትጥልበት፣ በሁለት ጣቷ ቀጠለችው።

"እንዲህ ነው ልጄ" አለቻት መስታወቷን።

ከዚያ አርባዎቹም እጃቸውን አነሱ። የጣታቸው ጫፍ እንደኔው ልሙጥ ነው፤ አንድ መስመር አይታይበትም።

"መስመራችሁ የት ሄደ?" አለች መስታወቷ።

ወለተሐና ሳቀች። "የተሸከመሽን ልጅ ሸሚዝ እይው።"

ልጁ አቀርቅሮ ሸሚዙን አየ። ከአንገትጌው እስከ እጅጌው፣ ክሩ ውስጥ ገብቶ፣ የእኛ የጣት መስመር ተሠርቶበታል። ሰልፉ ሁሉ ራሱን መፈተሽ ጀመረ፤ ካልሲው፣ ሱሪው፣ የቀሚሱ ጠርዝ። እኛ በመካከላቸው እየዞርን እንለይ ጀመር።

"ይሄ አውራ ጣት የኔ ነው!"

"ይቺ ጠማማዋ ያንቺ አይደለችም እንዴ ዘርፌ?"

"የኔ ናት! ማሽን ነው ያጠመማት!"

ከተማውን አልብሰነዋል ለካ። እኔ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቀው ሴትዮ፣ ደረቴን ነፍቼ በዚያ ሰልፍ መካከል ተራመድኩ። ከማዶ ሐመልማል ነጭ ጋዋን ለብሳ መጋዘኗ ውስጥ ተቀምጣለች፤ የመድኃኒት ካርቶኖች ተሰልፈው "እባክሽ ተረከቢን" ይሏታል። ዋስሽ ማን ነው ብሎ የሚጠይቃት አልነበረም።

"እማማ" አለች መስታወቷ፣ "እርስዎ ዋስ ይሁኑኝ።"

አሰብኩ። ሦስት ቀን ሰው ፊት አዋርዳኛለች። ግን እሷም እንደኛው ሥራዋን የምትፈራ ናት፤ ደግሞ የሚያለቅስ ፍጡር ፊት ለፊቴ ካለ አንጀቴ አይችልም።

"እሆንሻለሁ። ከእንግዲህ ግን አሮጊት ስትመጣ መጀመሪያ እንደምን አደሩ በያት።"

"እሺ እማማ።"

አምስቱንም ጣቶቼን ግንባሯ ላይ አሳረፍኩና ባለኝ ጉልበት ሁሉ ተጫንኩ።

"እምዬ! ኧረ እምዬ፣ እጅሽን አንሺ!"

ነቃሁ። ነግቷል። ሐመልማል ለባብሳ ራስጌዬ ቆማለች።

ማታ ከድጃ "ጣትሽን ቅቤ ተቀብተሽ በፌስታል አስረሽ እደሪ፤ ቆዳው ሲለሰልስ መስመሩ ይወጣል" ብላኝ፣ እንዳለችኝ አድርጌ ነበር የተኛሁት። ፎርሙን ደግሞ አይጥም እንዳይበላው፣ ሌባም እንዳያገኘው ብዬ ትራሴ ሥር አስገብቼዋለሁ። ፌስታሉ ወልቋል። ፎርሙ መዳፌ ሥር ነው። አምስቱም ጣቶቼ ታትመውበታል፤ ክቡ ማኅተም ላይ፣ የሐመልማል ስም ላይ፣ "የዋሱ ፊርማ" የሚለው ላይ።

ቀስ ብላ ከእጄ ሥር አወጣችው። ሁለት ሳምንት ሦስት ቢሮ የተንከራተተችበት ወረቀት ነው፤ ሌላ የለውም። ወደ መስኮቱ ወሰደችና ወደ ብርሃን አነሳችው። ቅቤ የነካው ቦታ ሁሉ ብርሃን ያሳልፋል። ከአልጋዬ ላይ ሆኜ እኔም አየሁት፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚዞሩ ደቃቅ መስመሮች፣ አውራ ጣቴን ክር የቆረጠበት ጠባሳ ሳይቀር።

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አየሽ? አለኝ እኮ!"

 ትኩር ብላ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁም። ዛሬም መስኮት አራት አብረን ልንሄድ ነበር የተቀጣጠርነው። ጫማዬን በእግሬ እየዳሰስኩ "ቆይ እኔም ልምጣ፤ ቁርስ እንኳ ሳትቀምሺ? ብርድ ነው፣ ሹራብሽን ልበሺ እንጂ!" አልኳት።

ፎርሙን ክላሰሯ ውስጥ ከተተችው። አጎንብሳ ቅቤ የተቀባውን እጄን ሳመችው። ከዚያም "አሻራሽን እዚያው ያንብቡት" ብላ፣ ወደ መስኮት አራት ሳይሆን ወደ መጋዘኑ የሚወስደውን መንገድ ይዛ ወጣች።