የቀነስኩላት አራት ዓመት

ቀድሞ መዘጋጀትን የመሰለ ነገር የለም ይላሉ። እውነት ነው። ዝናብ ሳይመጣ ጣሪያውን የደፈነ ሰው ሲዘንብ ተኝቶ ያድራል። ግን ደግሞ አንዱን ቀዳዳ ልድፈን ብሎ ወጥቶ ሌላ ቀዳዳ ከፍቶ የወረደ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። ብዙ አላወራም፤ መጻፍማ ጭራሽ አልችልም። ይህን የምትጽፈው ልጄ ሰላም ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ብዕሩን ታስኬዳለች። የበደልኳትም እሷን ነው።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ናይሮቢ ስንገባ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ለስደተኛ ወረቀት ልንመዘገብ ተሰልፈን ሳለ አቶ ተሾመ ወደ ጎን ጠሩኝ። አቶ ተሾመ ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው፣ ኋላም ዘበኛ አድርገው የቀጠሩኝ ሰው ናቸው። ለአገራቸው ልጅ ምክር በነፃ ይሰጣሉ፤ ምግቡን ግን አይሰጡም።

«ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው፣ አባባ?»

«አሥራ ሦስት።»

«ዘጠኝ ይበሉ።»

«ለምን?»

«ትንሽ ልጅ በሁሉም በር ትገባለች። ለትምህርት ቢሉ፣ ለውጭ ቢሉ። ዕድሜ እንደሆነ በኋላ ይመጣል፣ የት ይሄዳል?»

ዘጠኝ አልኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አያትና ጻፈ፤ መንገዱ አክስቷት ስለነበር ስምንት ብለውም ያምነኝ ነበር። አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ አተምኩ። ከእናንተ መካከል ለልጁ አንድ ሁለት ዓመት ቀንሶ የማያውቅ ካለ ይፍረድብኝ። እኔ በበኩሌ የዚያን ቀን ለልጄ አራት ዓመት የመረቅኳት መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳንቆይ ሰላም ሳንባዋን ታመመችና ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ ሆስፒታል ተኛች። እዚያው ግቢ ውስጥ የነርስ ኮሌጅ አለ። ነጭ የለበሱ ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት እየመጡ ትኩሳቷን ይለኩላት ነበር። ድና ስትወጣ «እዚህ ነው የምማረው» አለች። ለውጭ አገር ሰው የሚተርፈው ወንበር ሁለት ብቻ እንደሆነ ስትሰማ አልደነገጠችም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብላ ከዚያው ቀን ጀምራ ታጠቀች።

ስድስት ዓመት ሙሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን ክሊኒክ ፋሻ ታጥባለች። ከሰፈራችን ከካሳራኒ ወደ መሃል ከተማ በሚወስደን፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ፣ ዘፈኑ ጆሮ እየበጠሰ፣ ደብተሯን ዘርግታ ታነባለች። ቤት ስንገባ ደግሞ መጽሐፏ እኔ ነኝ። ክንዴን፣ ትከሻዬን፣ ጉልበቴን እየዳሰሰች የአጥንቱን ስም ትጠራለች። በእንግሊዝኛ ያልተጠራ አጥንት የለኝም። መምህራኑም በዚህ ዕድሜዋ እያሉ ሲደነቁባት እኔ እኮራ ነበር። ውሸቱን ረስቼው ነበር መሰለኝ። ሰው የራሱ ውሸት የመጨረሻው አማኝ ነው።

ፈተናውን አለፈች። ቃለ መጠይቁንም አለፈች። ከዚያ ወረቀትሽን አምጪ አሏት።

ኮሌጁ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አይቀበልም። ልጄ አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል። ወረቀቷ ግን ገና አሥራ አምስት ነው። የላኩላትን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። በዚህ ለጋ ዕድሜሽ ይህን ያህል መዘጋጀትሽ አስደንቆናል፣ ዕድሜሽ ሲደርስ እንደገና ተፈተኚ ይላል። ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። የዚያኑ ሳምንት ብናስተካክል ይመልሱላት እንደሆነ ብዬ ወደ ስደተኞች ቢሮ ይዣት ሄድኩ።

ሰልፉ ላይ አንዲት የአገራችን ሴት ለምን እንደመጣን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። «አንዱ ሰውዬ የወንድሙን ስም አስተካክሉልኝ ብሎ፣ መጀመሪያ ዋሽተሃል ብለው ፋይሉን ዘጉበት። አሁን ወረቀት የለህም እያለ ፖሊስ ከማታቱ ያወርደዋል» አለችን።

ተራችን ደርሶ ገባን። ሹሙ «እሺ፣ ምዜ» አለኝ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው።

«አባቴ ዋሽቷል በይው» አልኳት። «ጥፋቱ የእሱ ነው በይው።»

ሰላም ወደ ሹሙ ዞረች። ከዚያ በስዋሂሊ ተናገረች። ስድስት ዓመት በር ላይ የቆመ ዘበኛ ስዋሂሊ ይለቃቅማል። የጠየቀችው ወረቀታችን የሚታደስበትን ቀን ነበር። ሹሙ ነገራት። «አሳንቴ» ብላ አመስግናው ወጣን።

«ያልኩሽን አላልሽውም» አልኳት ደጅ ላይ።

«ፋይሉ የሁለታችን ነው፣ አባባ። አንተን በዚህ ዕድሜህ ፖሊስ ከማታቱ ሲያወርድህ ልይ?»

እዚህ ላይ ብዕሯን አቁማለች። ጻፊው ብያታለሁ።

አሁን እኔ በር ላይ እቆማለሁ፣ እሷ ውስጥ ሳህን ታነሳለች። አቶ ተሾመ ክፉ ሰው አይደሉም፤ በአጠገቧ ሲያልፉ «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ» ይሏታል። ወረቀቷ አሥራ ስምንት እስኪሞላው ሦስት ዓመት ነው። የክሊኒኩን ፋሻ ትታለች። ደብተሮቹ አልጋ ስር ገብተዋል።

ትናንት ጠዋት ጉልበቴ አላስነሳኝ አለ። ቅባት አምጥታ አሸችኝ።

«የዚህ አጥንት የእንግሊዝኛ ስሙ ማን ነበር?» አልኳት።

«ጉልበት» አለችኝ።