እጇን ከኪሷ የማታወጣው አስተማሪ

እርዱኝ ሲሉት የማይረዳ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ጎማህ ተንፍሶ ላብህ ጠብ እስኪል ስትታገል አጠገብህ ቆሞ «ብሎኑ በየት በኩል የሚፈታ ይመስልሃል?» ይልሃል። መልሱን ያውቀዋል። ፊቱ ላይ ታነበዋለህ፤ ከአፉ ግን አይወጣም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ዕድሜያቸው ረጅም ነው፤ ጉልበታቸውን አያባክኑማ።

የእነዚህን ሁሉ የበላይ ቅዳሜ ቅዳሜ አገኛታለሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ድሮ አሮጌ ጋዜጣ ይከማችበት በነበረ ክፍል ውስጥ፣ ስምንት ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። አንደኛው እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል። ልጆች እዚያ ከሚወዱት ጌም እየተነሱ የየራሳቸውን ጀግና ይፈጥራሉ። መጀመሪያ በወረቀት ይስሉታል፤ ከዚያ ሂድ፣ ዝለል፣ ቆይ የሚሉ ትእዛዞችን አንዱን ካንዱ እየቀጠሉ ነፍስ ይዘሩበታል። ይሄንን ነው ኮድ የሚሉት።

አስተማሪያቸውን ቲቸር ይሏታል። እኔ በልቤ የሰጠኋት ማዕረግ ክብርት እጀ ኪስ ነው። ከገባች ጀምሮ እስክትወጣ ሁለት እጆቿ ከግራጫ ሹራቧ ኪስ አይወጡም። የልጅ ኪቦርድ ስትነካ ያያት ሰው የለም።

ሹራቧ ራሱ ያሳዝነኛል። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ እንዲያ የተንዘላዘለ ኪስ ግን አላየሁም። አፉ ተለጥጧል፣ ታቹ ተተርትሯል። አንድ ቀን ተቀብዬ ብሰፋው እያልኩ ስንቴ ተመኝቻለሁ። አፉን ማለቴ ነው፤ ጥርቅም አድርጌ። አራት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ያኔ እጇን የት እንደምትከት እናያለን።

ወደዚያ የምሄደው የልጄን ልጅ ይዤ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሰው ሁሉ ቀድሜ እገባና ግድግዳው ሥር ካለችው ወንበር እቀመጣለሁ፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ እነሳለሁ። ለዚህ ምክንያት አለኝ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ከዚያች ወንበር ሆኜ ያላየሁት የለም። አንድ ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ባለክንፍ አንበሳ ሠርቶ፣ ገና ሲያስነሳው አንበሳው ሽቅብ በረረና ከስክሪኑ ወጥቶ ቀረ።

«ቲቸር፣ ጠፋብኝ» አለ፣ እንባው ቀርቦ።

«ወዴት ሄደ?»

«ወደ ላይ።»

«ማን ላከው?»

ልጁ አሰበ። «እኔ።»

«ተመለስ ብለኸዋል?»

«አላልኩትም።»

«ታዲያ ምን ያድርግ? የነገርከውን ነው ያደረገው» አለችና እጇን በኪሷ እንዳደረገች ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈች። ምስኪኑ አንበሳ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሰማይ ቤት ሰነበተ።

ሌላ ቀን አንድ ሹፌር አባት መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ መጣ። «እባክሽ አንዴ ነካ ነካ አድርጊለትና እንሂድ» አላት።

«ከነካሁትማ የኔ ይሆናል» አለችው።

ሹፌሩ ወደኔ ዞሮ «አባቴ፣ ይቺ ሴትዮ ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አለኝ።

«ዛሬ ደህና ነች» አልኩት።

እኔንም አልማረችኝም። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ያስተማረኝ የለም፤ ሱሪ በምቀድበት ጋዜጣ ላይ ራሴ ነኝ የለቀምኩት። ኮዱንም እንደዚያው ከልጆቹ ትከሻ በላይ እያየሁ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ቀን ከልጅ ልጄ ትእዛዝ ጎን ያለች ቁጥር አላስችል አለችኝና «ይቺ ምንድን ናት?» ብዬ አስተማሪዋን ጠየቅኳት።

«አባቴ፣ እርስዎስ ምን ትመስልዎታለች?»

«እኔ የሚመስለኝ አንቺም እንደማታውቂያት ነው።»

«ሊሆን ይችላል» አለችና ሄደች።

ሳምንቱን ሙሉ በንዴት ሳስብ ከረምኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደረስኩባት፤ የእርምጃ ርዝመት ናት። ንግግሯ ካበሸቀኝ ይልቅ ራሴ ስለደረስኩባት መደሰቴ ይበልጥ አበሸቀኝ።

ወላጆች የልጆቻቸውን ሥራ የሚያዩበት ቀን መጣ። የልጅ ልጄ ጀግና ረጅም ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። ከጣሪያ ጣሪያ እየተራመደ የወደቁ ኮከቦችን ይሰበስባል። ሦስት ሳምንት ደክማበታለች። ወላጆች ሊገቡ ሃያ ደቂቃ ሲቀር ልጆቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡ። እኔ ክፍሉ ባዶ መሆኑን አየሁና ተነስቼ ጀግናዋን አስነሳሁት። ሲሄድ ያነክሳል።

ትእዛዙን አነበብኩ። ቀኝ እግር አሥር፣ ግራ እግር ስድስት። ከግራው በኋላ ደግሞ አንዲት ኢምንት «ቆይ» ከነቁጥሯ ተቀምጣለች። ልፋቷን ሁሉ አንድ ስህተት ሊያበላሽባት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ልብስ ሰፊ እኩል ያልሆነ ሱሪ አይቶ አያልፍም። ስድስቷን አሥር አደረግኳት፣ «ቆይ»ዋን አጠፋሁ፣ እንዳይጠፋ ብዬም ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። ሰውዬው እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ሄደ። በሰባ ሁለት ዓመቴ ኮምፒውተር አረምኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ልጅቷ ገባች። አየችው።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ፣ አስተካከልኩልሽ» አልኳት።

«ተሳስቼ አይደለም እኮ፣ አባባ! ሆን ብዬ ነው።»

«ሰው ሆን ብሎ ያነክሳል እንዴ?»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ስድስቷን አስታወስን፤ የ«ቆይ»ዋን ቁጥር ግን እኔም እሷም አጣነው። ሞከረች። ሰውዬው አንዴ የተደናቀፈ፣ አንዴ የሰከረ መሰለ። በሩ ላይ ወላጆች መሰብሰብ ጀመሩ።

ክብርት እጀ ኪስ መጣች። ዛሬስ እጇን ታወጣለች አልኩ። አላወጣችም።

«አባቴ፣ ምን እንዲሆን ነበር የፈለጉት?»

«ቀጥ ብሎ እንዲሄድ።»

«አንቺስ፣ የኔ ልጅ?»

ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እንደ አባባ እንዲሄድ። ቀጥ ብሎ ከሄደ ማንም ሊሆን ይችላል።»

ጆሮዬ ጋለ። ወጣት ሳለሁ ከመሰላል ወድቄ ግራ እግሬ አጥሯል። የሱሪዬን ግራ እግር ሁለት ጣት አሳጥሬ ነው የምሰፋው፤ ቆሜ ለሚያየኝ ሰው እኩል ይመስላል። ቀድሜ የምገባው፣ መጨረሻ የምወጣው ስሄድ እንዳልታይ ነው። ለካ ይቺ ልጅ ከትምህርት ቤት እጇን ይዤ ስመልሳት እርምጃዬን ስትቆጥር ኖራለች።

«ቁጥሩን ያኔ ከየት ነበር ያመጣሽው?» አለቻት አስተማሪዋ።

«እሱን እያየሁ።»

«አሁንስ የት ነው ያለው?»

ልጆቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። ወላጆቹም በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። አስተማሪዋ ተነሱ አላለችኝም፣ ተቀመጡም አላለችኝም። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ወደ ኪሶቿ አየሁ። ሹራቡ ላይ የሁለት ቡጢዎች ቅርጽ ወጥቷል። ተጨብጠው ይንቀጠቀጣሉ፤ ቁልቁል ይገፋሉ። የአንዱ ኪስ ጫፍ እዚያው ዓይኔ እያየ አንድ ስፌት ጨምሮ ተተረተረ። ይቺ ሴት ሥራ ፈትታ አልነበረም ለካ። ከሁላችን በላይ የምትደክመው እሷ ነበረች።

ተነሳሁ። ከግድግዳው እስከ በሩ ሄድኩ፤ ተመለስኩ።

«ቀስ ብለህ፣ አባባ» አለች ልጅቷ፣ ቁጥር እየቀየረች። «አትደብቀው። እንደ ሁልጊዜው ሂድ።»

«ይኸው፣ እንደ ሁልጊዜው።»

«ጋሼ፣ አንዴ ይድገሙልን!» አለ ባለ አንበሳው ልጅ። ደገምኩ። በሰባተኛው ምልልስ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬና እኔ እኩል ረገጥን።

ወላጆች ፊት ሲታይ አንዲት ሕፃን «ለምንድን ነው እንዲህ የሚሄደው?» ብላ ጠየቀች።

«ብዙ ስለሄደ ነው» አለች የልጅ ልጄ፣ ኮከብ እያስለቀመችው።

በማግስቱ ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አስተማሪዋን ጠብቄ ሹራቧን ጠየቅኳት።

«ምን ሊያደርጉት ነው፣ አባቴ?»

«አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

ስቃ አውልቃ ሰጠችኝ። ሁለቱንም ኪሶች ፈታሁ። በወፍራም የካፖርት ገበር ደረብኳቸው፣ ታቻቸውን ሦስት ጊዜ መላልሼ ሰፋሁት። አፋቸውን አልነካሁም። ቅዳሜ ሁሉም ልጅ ገብቶ እስኪያልቅ ውጭ ጠበቅኩና ሹራቡን ይዤ ክፍሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋረጥኩ፤ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ተቀብላ ለበሰችው፣ እጆቿንም ከተተች። ቡጢዋን ጨብጣ ቁልቁል ገፋ አደረገችው።

ስፌቱ ቻለው።